የጥጋቡ ወንዝ

አስናቀው መርካቶ የሚመጣው ካርታ ፍለጋ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ አውቶቡስ ተራ ይወርድና፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለች አንዲት አልቤርጎ ሻንጣውን ጥሎ በቀጥታ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። እዚያ ዙህራ የምትባል ያገለገለ ወረቀት ነጋዴ አለች። መንግሥት ተለውጦ ክፍለ ሀገሮቹ ክልል ከሆኑ ወዲህ፣ ከየትምህርት ቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው አሮጌ ካርታ በገመድ እየታሰረ እሷ ዘንድ ይደርሳል። ሌላው ደንበኛዋ በርበሬና ምስማር ይጠቀልልበታል። አስናቀው ግን ሥዕል ይሥልበታል።

የሚሥለው አውቶቡስ ላይ አጠገቡ የተቀመጡትን ሰዎች ነው። ፊታቸውን በልቡ ይይዝና፣ የወረዱበትን አገር ካርታ ፈልጎ በዘይት ቀለም እዚያው ላይ ያኖራቸዋል። ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር ያሉ ሆቴሎች ይወስዱለታል። አንዱ ሲያልቅ ሻንጣውን አንስቶ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሯል። በየሄደበት ፈገግ ብሎ የሚቀበለው አስተናጋጅ፣ ጫማውን የሚያውቅ ሊስትሮ አላጣም። ቢቀር ግን "ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ይሆን?" የሚል አንድም የለም። ይህ ነገር ትዝ የሚለው ብዙውን ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ እየተጎራረሰ ሲበላ እሱ ብቻውን ትሪ ፊት ሲቀመጥ።

በ1988 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከዙህራ የዓባይን በረሃ ዳርቻ የሚያሳይ አንድ አሮጌ ካርታ ወሰደ። በዚያ ላይ የሚሥላት ሴት ነበረችው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን አብራው ተጉዛ፣ ቆሎዋን አካፍላው፣ ስለታመመች ላሟ ስታጫውተው ቆይታ ስትወርድ "በል እንግዲህ፣ ደህና ግባ" ያለችው ሴት። የት እንደሚገባ አልጠየቀችውም። ካርታውን ጣውላ ላይ ወጥሮ ሦስት ቀን ሠራ። ፊቷ መጣለት፤ ነጠላዋንም በሰማያዊ ጥለት አድርጎ እስከ ካርታው ግራ ጠርዝ ድረስ ዘረጋው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ደረጃው ትንፋሻቸውን ቆራርጦታል።

"ዙህራ ናት ያመላከተችኝ" አሉ። "የጎጃሙን ካርታ የወሰድከው አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ። ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።"

አላረፉም። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ጣውላው ሄዱና በጣታቸው መንገዱን ተከተሉ፤ ከመንገዱ ወደ ገደሉ፣ ከገደሉ ወደ ታች። ጣታቸው ሰማያዊው ጥለት ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ሸፈንከው" አሉ። አልተቆጡም። ወደ ኋላ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ስማቸው ዘውገ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ካርታውን ከሠሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ። አሮጌው ካርታ እየወጣ ምናለሽ ተራ መውረዱን ከሰሙ ጀምሮ ይህንኑ አንዱን ሲፈልጉ ወር አልፏቸዋል።

"እዚያ ሥር አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች" አሉ። "መለኪያውን እንጨት የሚይዝልኝ ጥጋቡ የሚባል ልጅ እግር ሰው ነበር። ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ 'ጋሼ፣ ይታያል?' ሲለኝ ደራሽ ውሃ መጣ። በመሣሪያው መነጽር ውስጥ አየሁት፤ ከዚያ እንጨቱ ብቻ ነው የታየኝ። አምስት ቀን ፈለግን። አላገኘነውም።"

አስናቀው አጠገባቸው ተቀመጠ።

"አዲስ አበባ ስመለስ አለቃዬ 'የዚች ወንዝ ስም ማነው?' አለኝ። የአገሩ ሰው 'ወንዟ' ብቻ ነበር የሚላት። 'ጥጋቡ ይሏታል' ብዬ ዋሸሁ። ታተመ። ልጁ መቃብር የለው፤ ስሙ ያለው እዚያች ላይ ብቻ ነው።"

አስናቀው ተነሣ። ቀለም የሚያቀጥንበትን አኳራጅ ጥጥ ላይ አፍስሶ ጥለቱን በቀስታ መጥረግ ጀመረ። ቀለሙ እየተነሣ ሲሄድ የሴትየዋ ትከሻ አብሮ ጠፋ። በመጀመሪያ የወንዟ ቀጭን መስመር ወጣች። ቀጥሎ በሰማያዊ የተበከሉ ጥቃቅን ፊደላት።

ጋሽ ዘውገ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ጎንበስ ብለው አነበቡ።

"ይቺስ ሴትዮ ማናት?" አሉ ቀና ሲሉ።

"አላውቃትም ጋሼ። መኪና ላይ አብራኝ ተቀምጣ ነበር።"

"ታዲያ ለኔ ስትል አጠፋሃትኮ።"

"ፊቷ አልተነካም" አለ አስናቀው። ትከሻዋን መልሶ ሊሥልላቸው ቢልም እንቢ አሉ። እንዳለች ይወስዷታል፤ ሴትየዋም ጥጋቡም አንድ ላይ ይቀመጡ።

ካርታውን እሱ ተሸክሞ ራጉኤል አካባቢ እስካለው ቤታቸው ሸኛቸው። አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ካርታውን ከአልጋው ትይዩ ሰቀሉት። ወንበሩን ለእሱ ሰጥተው እሳቸው አልጋው ላይ ተቀመጡ።

"እራት አብረን እንብላ። አምሽተህ ትሄዳለህ" አሉት።

"ነገ በጠዋት ጅማ መንገደኛ ነኝ" አለ። ውሸቱን አልነበረም፤ ግን ጅማ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ለሌላ ቀን ማዘዋወር ይችል ነበር። ለምን እንዳላዘዋወረው ራሱም አላወቀውም፤ ሰው "ቆይ" ሲለው ስላልለመደ አፉ የለመደውን መለሰ።

"እንግዲያው ስትመለስ ና" አሉት በር ላይ ቆመው። "እንዳትቀር።"

ክረምቱን ሙሉ ጅማ ሲሠራ ቃላቸው ከጆሮው አልጠፋም። መስከረም ላይ መርካቶ ሲገባ፣ ዙህራ ዘንድ እንኳ ሳያልፍ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ወደ ራጉኤል ሄደ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤታቸው እቴቴ ልብስ እያሰጣች አየችው።

"ጋሽ ዘውገን ነው? ታመው ነበርኮ። እህታቸው መጥታ ደብረ ብርሃን ወሰደቻቸው፤ ነሐሴ ላይ።"

"ይመለሳሉ?"

"እንጃ። ዕቃውን ጭነው ነው የሄዱት። አንድ ሰው ይመጣል ብለው ብዙ ጠብቀው ነበር፤ ስሙን ስንጠይቃቸው ግን አያውቁትም።"

አስናቀው ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። እውነቷን ነው። አልጠየቁትም፤ እሱም አልነገራቸውም።

"እህትየዋ አንዳንዴ ትደውላለች" አለች እቴቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። "ማን መጥቶ ነበር ልበላቸው?"

"አስናቀው" አለ። ስሙን ለሰው ከተናገረ ስለቆየ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "አስናቀው በያቸው።"

ብርቱካኑን ሰጥቷት ወደ ታች፣ ወደ ገበያው ወረደ።