ዘግይቶ የተጠራ ስም

ከላቦራቶሪው መስኮት ዛሬም ስሙ ሲጠራ እሰማለሁ። «ገብረ መድኅን!» ይላል የላቦራቶሪው ባለሙያ የከበበው ድምፅ። ከበበው ግን አጠገቤ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ነው። መንፈስ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፤ አሥራ አራት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቢሆንም ቀና እላለሁ።

ገብረ መድኅን የመካኒሳ አናጢ ነበር። በ1986 ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሰዎች ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያችን አመጡት። ልብሱ በላብ ርሷል፤ ቢጠሩት አይሰማም። ሚስቱ ማኑሄ «የስኳር በሽተኛ ነው» አለችኝ። ደሙን ቀድቼ ላክሁ። ያን ጊዜ ካርድ ሳይወጣ ናሙና አይገባም፤ ከገባም በኋላ ከበበው ኬሚካል እንዳይባክን ብሎ ስምንት ብልቃጥ እስኪጠራቀም ይጠብቃል። የገብረ መድኅን አምስተኛው ነበር።

ስኳሩ ወጥቶ ይሁን ወርዶ አላወቅሁም። መሳቢያዬ ውስጥ የግሉኮስ መርፌ ነበረኝ። አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት፤ በስኳር በሽተኛ ላይ ስኳር ጨምራ ገደለችው እንዳልባል ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ለስሜ ነው የፈራሁት። ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከበበው በመስኮቱ ስሙን ሲጠራ ፊቱን ሸፍነነው ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሃያ ስምንት ነው፤ ሰማንያ፣ መቶ መሆን ሲገባው። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ለማኑሄ «ቀኑ ደርሶ ነው» አልኳት።

በዓመቱ ለምኜ ጤና ጣቢያው ውስጥ በጽዳት አስቀጠርኳት። ሰው ደግ ይለኛል። እሷም ጠዋት ጠዋት «ለእሱ ያልደከሙት ድካም የለም፣ ሲስተር፤ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ምርቃቷን በሰማሁ ቁጥር ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

በ1988 የሲጋራ ፓኮ የምታህል የስኳር መለኪያ ተለገሰችልን። ኃላፊው «ለጭንቅ ቀን» ብሎ ሊቆልፍባት ነበር። ጭንቅ ቁልፍ እስኪፈለግ አይጠብቅም ብዬ ተጣልቼ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኳት፤ ከዚያ ወረቀት ጎን።

በዚያው ዓመት ፍልሰታ ጉተማ የሚባል የሀና ማርያም ገበሬ ሚስቱን ገዲሴን በጋሪ አመጣ። ያው ላብ፣ ያው ዝምታ። «ስኳር አለባት» አለኝ። እዚያው አልጋው ላይ ጣቷን ወጋሁ፤ ደቂቃ ሳይሞላ መለኪያዋ ሠላሳ አንድ አለች። ግሉኮሱን ሰጠኋት። መርፌው አልቆ ሳልነቅለው ገዲሴ ዓይኗን ገለጠች።

«ቅዳሴው ወጣ?» አለች።

ጉተማ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ጠዋት ስኳር የሚያወርደውን መድኃኒቷን ተወግታ ሳትበላ ቤተ ክርስቲያን መዋሏን ነገረኝ።

«መርፌ ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የለም» አልኩት ተቆጥቼ። «ስኳሩን አውርዶ የሚገድለው ይኼ ነው።»

ከኋላዬ ወለል ስትወለውል የነበረችው ማኑሄ ቆመች።

«ሲስተር፣ የእሱ ደም ምን ብሎ ነበር?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ ሁለት ዓመት ዋሽቼ ግን ደክሞኛል። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። መሳቢያ ውስጥ ስለተውኩት መርፌም ሳልደብቅ ነገርኳት። እርግማኗን ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ፈለግሁት።

«ወርዶ ነው?»

«ወርዶ።»

ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አየችው።

«የዚያን ቀን ጠዋት 'ጾም ነው፣ ዛሬስ መርፌው ይቅርብኝ' ብሎኝ ነበር» አለች። «ተቆጥቼ የወጋሁት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ትናንት ስምንት ሰዓት ገደማ ከመስኮቱ ስሙ ተጠራ። ቀና ስል ማኑሄም መወልወያዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ታያለች።