በር የሌለው የፈተና ክፍል

የጨርቅ ነጋዴው የኢድሪስ ልጅ ዘኪያ "ባሉበት ይማሩ" በሚል ኮሌጅ በኢንተርኔት ማኔጅመንት ትማራለች። ያለችበት ሰቆጣ ነው፤ ሰፈሯ ግን ኔትወርክ አይይዝም። ስለዚህ ለመማር ከከተማው በላይ ያለውን ጉብታ ትወጣለች።

የፈተናው ዕለት ስልኳን ካሜራው እንዲያያት ድንጋይ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ኔትወርክ ያጣ ሁሉ እዚያው ነበር። ከደሃና ወረዳ የመጣ የበግ ነጋዴ ስለ ገበያ ይጮኻል፤ ቄስ ዓለምነህ አዲስ አበባ ያለ ልጃቸውን ይቆጣሉ። ወዲያው ስልኳ "በፈተና ክፍልዎ ሌላ ሰው ታይቷል" ብሎ ፈተናውን አገደው።

ዘኪያ ኮሌጁ ዘንድ ደወለች።

"የክፍልሽን በር ዝጊ" አላት ሠራተኛው።

"በር የለውም፤ ያለሁት ተራራ ላይ ነው።"

"እንግዲያው ሌላ ክፍል ግቢ።"

"ሌላ ተራራ ልውጣ?"

"እህቴ፣ መመሪያው ስለ ተራራ አያወራም። በር ዝጊ ነው የሚለው።"

ይህን የሰሙት ቄስ ዓለምነህ ስልካቸውን ዘግተው ጋቢያቸውን አወለቁ። ከበግ ነጋዴው ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ከጀርባዋ ወጠሩላት።

"ይኸው ግድግዳ! ጻፊ ልጄ" አሏት።

ስልኩም ግድግዳውን አምኖ ፈተናውን ከፈተላት። ዘኪያ ሳቋን እየዋጠች ሠርታ ጨረሰች፤ አለፈችም።

ብዙም ሳይቆይ ኮሌጁ ካሜራው በፈተናው ሰዓት ጋቢው ፊት ያነሳትን ፎቶ በፌስቡክ ለጠፈው። "ተማሪያችን በዘመናዊው የሰቆጣ ፈተና ክፍላችን" ይላል። ዘኪያ ከሥሩ "ክፍሉ የት ነው?" ብላ ጻፈች።

ጥያቄዋን ወዲያው አጠፉት። ለካ ኮሌጁ ዘንድ ኔትወርክ ፈጣን ነው።