ለሁለት ሰው የሚሆን ገበታ

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ባለፈው ነሐሴ አንድ ጠዋት ከመኝታቸው ሊነሡ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ምላሳቸውም አብሮ ታሰረ። ያን ሁሉ ድጓ ይዞ የኖረ አፍ ሁለት ቃል ብቻ ቀረለት፤ «አዎ» እና «አይ»። እነሱንም ቢሆን ካልቸገራቸው አያወጧቸውም። ጠያቂ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ጠያቂውም ጀርባቸውን እያየ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ይወጣል።

ልጃቸው እስከዳር ግን ጀርባ አይታ የምትመለስ ሰው አልነበረችም። ሰቆጣ ውስጥ ከኋላዋ ጽሑፍ ያለባት ባጃጅ ካያችሁ ጽሑፉ የእስከዳር እጅ ነው። የሱቆቹ ማስታወቂያም፣ የጸጉር ቤቶቹ ሥዕልም የእሷ ናቸው። የመሪጌታ ልጅ ሆና ቀለም በቀለም ሆና መሰላል ላይ መውጣቷ ብዙ ሰው አስወርቷል። እሷ ወሬውን ስትሰማ አንድ ደረጃ ከፍ ትላለች እንጂ አትወርድም።

በኅዳር መጨረሻ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ባንተአምላክ ቤት ድረስ መጥቶ አባቷን አያቸው። ለምላስ ማለማመጃ ተብሎ ከሩቅ አገር የተላከ የሥዕል ካርድ ይዞ ነበር። ድመት አሳያቸው፤ ኳስ አሳያቸው፤ ፊኛ አሳያቸው። መሪጌታ ፊኛው ላይ ሲደርሱ ወደ ግድግዳቸው ዞሩ። ባንተአምላክም ካርዱን ሰብስቦ ወጣና በር ላይ እስከዳርን አቆማት።

«ካርድ ሳይሆን ሰው ነው የሚያስፈልጋቸው» አላት። «ሊመልሱለት የሚፈልጉት ሰው። የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ ምላስ እየሰነፈ ይሄዳል፤ አልዋሽሽም።»

እስከዳር በጣቷ ቆጠረች። እስከ ነሐሴ ዘጠኝ ወር አላት። በዘጠኝ ወር ውስጥ አባቷን ከግድግዳው ካላዞረቻቸው በእነዚያ ሁለት ቃላት ብቻ ሊቀሩ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ግን አይሆንም አለች።

ሐሳቡ የመጣላት ከአንድ ባጃጅ ነጂ ጋር ስትነታረክ ነው። ሰውዬው ባጃጁን ምን ዓይነት ቀለም እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ስሙን ግን አያውቀውም። ስለዚህ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። ደማቅ ነው? አይ። ሰማይ ይመስላል? አዎ። ጠዋት ነው ማታ? እንዲህ እየተባባሉ በስድስተኛው ጥያቄ አገኙት። እስከዳር ብሩሿን እንደያዘች ቀረች። ሰውዬው በሁለት ቃል ብቻ የልቡን ሁሉ ነግሯት ነበር፤ አባቷ ደግሞ ሁለቱም ቃላት አሏቸው።

በሳምንቱ ከስስ ጣውላ ሁለት ገበታ ሠራች። በእያንዳንዱ ላይ ሃያ አራት ትንንሽ ሰሌዳዎች በቆዳ ማጠፊያ ተያይዘው ይቆማሉ፤ በጣት ሲነኩ ይተኛሉ። የሁለቱም ገበታ ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ከሃያ አራቱ አንዱን በልባቸው ይመርጡና አምሳያውን ከገበታቸው ሥር ይደብቃሉ። ከዚያ ተራ በተራ እየተጠያየቁ የማይሆነውን ሰሌዳ ያስተኛሉ። የሌላውን ምስጢር ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል፤ ቸኩሎ ገምቶ የሳተ ግን እዚያው ተሸነፈ። ጥያቄ ለመጠየቅ አባቷ አንደበት ስለሌላቸው፣ ጥያቄዎቹን ራሳቸውን በእንጨት ጠጠሮች ላይ ሣለቻቸው። ቀንድ አለው ወይ ለማለት ቀንድ የተሣለበትን ጠጠር መግፋት ነው። ደንቡ ለሁለቱም እኩል ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ከአዎና ከአይ በቀር ማንም አይናገርም። ሥዕሎቹም ተነቃይ ናቸው፤ አንዱ ዓይነት ሲሰለች በሌላ ይተካል።

የመጀመሪያው ዓይነት እንስሳት ነበሩ። መሪጌታ ፍየሏን አዩ፣ ጅቡን አዩ፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እስከዳር የባንተአምላክን ፊኛ በፍየል ለውጣ እንዳቀረበች ያን ጊዜ ገባትና በራሷ ተናደደች። ሁለተኛው ገበያ ነበር፤ ማሩ፣ ጨዉ፣ ጋቢው፣ በርበሬው። በግራ እጃቸው ሁለት ጊዜ ተጫወቱ፤ ባለቤቱን ላለማስቀየም ጠላ የሚቀምስ እንግዳ ዓይነት አጨዋወት ነበር። ሦስተኛው የከተማው ባጃጆች ነበሩ። ያንን እንኳ ባናነሣው ይሻላል።

አራተኛው የወሩ በዓላት ሆኑ። ከሠላሳው ቀን ሃያ አራቱን መርጣ ሣለች። እናቷ ወይዘሮ ደመቀች የትኞቹ ስድስቱ እንደቀሩ ጠይቀው፣ የቀሩት ቅዱሳን ቅር እንዳይላቸው ለእያንዳንዳቸው በየተራ ይቅርታ ለመኑ። መሪጌታ ግን ትራሳቸውን ደግፈው ቀና አሉ። መጀመሪያ የወሩን አጋማሽ ጠጠር ገፉ፤ ቀጥሎ የቀረውን ለሁለት ከፈሉት፤ ደግሞ ከፈሉት። በአምስት ጥያቄ አገኟት። ነገም በአምስት፣ ከነገ ወዲያም በአምስት። እስከዳር ደስ ብሏት ሳያልቅ፣ አባቷ ሲሰላቹ ታዩዋት። እሷ ለእሳቸው አትበቃም፤ የሚችላቸው ሰው ያስፈልጋል።

የሚችላቸውን ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ዲያቆን ምንዋጋውን አመጣች። ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነበር። ተቀመጠ፣ ጠየቀ፣ አስተኛ። በአራተኛው ጥያቄ ዓይኑ የመሪጌታ ምስጢር በሆነው በአቡነ አረጋዊ ሰሌዳ ላይ ዐረፈ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ሰበረና ሌላውን ሰሌዳ አነሣ። ሳተ፤ ተሸነፈ። መሪጌታ ለአፍታ አዩት። ግራ እጃቸው ተነሣችና ገበታውን ከነሰሌዳው ወለል ላይ ደፋችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ጨዋታ የሚባል ነገር አልታሰበም። የካቲት አለቀ።

እስከዳር ምንዋጋውን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘችውና ያለ ሰላምታ ጀመረችው። እሱም አልካደም። የኔታን እንዴት ያሸንፋል? ፊደል ያስቆጠሩትን፣ ከድጓው አንድ መስመር ሲሳሳት ሌሊቱን ሙሉ ያቆሙትን ሰው ቁጭ ብሎ አሸነፍሁዎ ይበላቸው? ይልቅ እጁ ይሰበር። እንዲህ እያለ ሲያስረዳት፣ ሌላም ነገር ከአፉ ወጣ። ደቀ መዛሙርቱ ከነሐሴ ጀምሮ የሚያዜሙት ከወንዙ ማዶ ነው። የኔታ ሰምተው እንዳይከፋቸው ወይዘሮ ደመቀች ለምነዋቸው ነበር። ድጓውም ከዚያን ቀን ጀምሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው።

ቤታቸው ለምን እንዲህ ጭር እንዳለ ለእስከዳር ያን ጊዜ ገባት። ሰባት ወር ሙሉ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ሁሉም በአክብሮት ተስማምተው፣ የሰውየውን ሕይወት ከጆሮአቸው አርቀውባቸዋል። እሷም ያው ናት። ፍየል ሣለች፣ በርበሬ ሣለች፣ ባጃጅ ሣለች፣ ቅዱሳኑን ሣለች። አንዱን ነገር ግን በዙሪያው እየዞረች ሳትነካው አልፋለች።

የዜማ ምልክቶቹን ልትሥል እንደሆነ ስትናገር ወይዘሮ ደመቀች በቁጣ አልነበረም የመለሱላት፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አባትሽ አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው። እሱንም ተቀሙ። አሁን አንቺ በጣውላ ሥለሽ ፊታቸው ልትደረድሪው ነው? ቁስል ነው እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ እማ። ግን እስከ ነሐሴ አምስት ወር ነው የቀረን። ቢከፋቸውም በእኔ ይክፋቸው።»

ወይዘሮ ደመቀች ሣጥኑን አልከፈቱላትም፤ ቁልፉን ግን ከአንገታቸው አውልቀው መደብ ላይ አስቀመጡና ወደ ጓሮ ወጡ።

ችግሩ እስከዳር ዜማ አለማወቋ ነበር። ልጅ ሆና ወንዶቹ ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጠው ሲማሩ እሷ ከጎጆው ውጭ ሆና ትሰማ ነበር፤ ግቢ ያላት አልነበረም፤ ልግባ ብላም አታውቅም። የምልክቶቹን ስም ሁሉ በቃሏ ይዛለች፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። የትኛው ስም የየትኛው ምልክት እንደሆነ ግን አታውቅም። አባቷን ሆስፒታል በሚወስዷቸው ቀን ድጓውን ገልጣ ቅርጻቸውን ብቻ ቀዳች። ምልክቶቹ ስምንት፣ ዜማዎቹ ሦስት፤ ስምንት በሦስት ሃያ አራት። ገበታው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ያህል ልክ ሆኖ አገኘችው። የግዕዙን በነጭ፣ የዕዝሉን በቀይ፣ የአራራዩን በአረንጓዴ ቀለም ጻፈች። በጥያቄ ጠጠሮቹ ላይ ደግሞ ሦስቱን ቀለሞች፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር፣ ወደ ታች የሚወርድ መስመር፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቆረጥ እያለች ሣለች።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ ገበታውን አባቷ ፊት አቆመች። መሪጌታ አዩት። እጃቸው ሄዳ አንዱን ምልክት ዳሰሰች፤ ቀጥሎም ሌላውን። ዓይናቸው ሞላ። እስከዳር ፈራች፤ እናቴ ልክ ነበሩ ብላ ልታነሣው ትንሽ ቀርቷት ነበር። አላነሣችውም።

«አባ፣ እኔ ምንዋጋው አይደለሁም» አለቻቸው። «ካሸነፍሁዎ አሸነፍሁዎ ነው።»

«አዎ» አሉ።

እስከዳር ከቀዮቹ መካከል እንደ ቅስት ጎበጥ ያለውን ምልክት ደበቀች። መሪጌታ የነጩን ጠጠር ገፉ፤ አይ አለች። የቀዩን ገፉ፤ አዎ አለች። ስምንት ቀርተዋል። እሷም በተራዋ እየጠየቀች እያስተኛች ከሳቸው ወደ ኋላ አልቀረችም። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና ወደ ታች የሚወርደውን መስመር ገፉ። ድምፅን ዝቅ ያደርጋል ወይ ማለታቸው ነው። እስከዳር የደበቀችውን አየች። ቅስቱ ጀርባው ወደ ላይ ነው፤ ለሠዓሊ ዓይን ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ነው።

«አይ» አለች።

አባቷ አመኗት። ዝቅ የሚያደርጉትን ሁሉ አስተኙ፤ ሌላም ጠየቁ፤ ሌላም አስተኙ። በመጨረሻ አንድ ሰሌዳ ብቻ ቆሞላቸው ሲቀር እሱን ይዘው ገፉላት።

«አይ፤ ተሸነፉ አባ» አለችና የራሷን ገልጣ አሳየቻቸው። ከሰቆጣ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ለየኔታ የተናገረች የመጀመሪያዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ገበታው እስኪገለበጥ ጠበቀች።

መሪጌታ ገበታውን አልነኩትም። ቅስቱን ያዩታል፣ እሷን ያዩዋታል። ፊታቸው ቀላ።

«አይ» አሉ። «አይ። አይ።»

ምን አጠፋሁ አለች። በግራ እጃቸው ቅስቱን አነሡና ወደ ታች በሚወርደው ጠጠር ላይ አስቀምጠው መቱት፤ እንደገና መቱት። እስከዳር አልገባትም። ጭራሽ ቅስቱን አንሥታ ወደ ላይ ከሚወጣው ጠጠር ጋር ልታዋህደው ስትል፣ መሪጌታ ሊታገሡት የማይችሉት ነገር ሆነ። አፋቸውን ከፈቱ። ለመናገር አልነበረም፤ ያ ምልክት በእንዲህ ያለ ድፍረት ሲበላሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያደረጉትን ማድረጋቸው ነበር።

«ሃሌ» አሉ በዕዝል። ድምፁ ሻከረና ቆመ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደገሙት፤ «ሃሌ ሉያ»፤ መጨረሻዋንም ከደረታቸው ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዷት፣ ልክ ጠጠሩ እንደሚለው።

ከጓሮ ይመጡ የነበሩት ወይዘሮ ደመቀች የበሩ ደፍ ላይ ቀሩ። እስከዳር ገና አሁን አለቀሰች፤ እንባዋ ቀለም ባለበት እጇ ላይ ወረደ፤ አላበሰችውም።

መሪጌታ ማንንም አላዩም። ያጠፋች ተማሪ ፊታቸው ተቀምጣለች። ቅስቱን ወደ እሷ ገፉላትና ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት፤ ጎጆው ውስጥ አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅማ። ሲገባት ጉሮሮዋን ጠረገችና እንደቻለች አዜመች።

«አይ» አሉ፤ አዚመው አሳዩዋት። ደገመች። «አይ» አሉ። ምሕረት የሚባል ነገር በፊታቸው ላይ አልነበረም፤ እሷም አልፈለገችም። ሰባት ጊዜ ሳተች። በስምንተኛው ድምፅዋ ወደ ታች ወርዶ ቦታው ላይ ዐረፈ።

«አዎ» አሉ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፤ ቅስቱን ወደ ጎን አደረጉና ቀጣዩን ምልክት አነሡ።