ዌንደል ያልቆረጠው ሰደፍ

ዌንደል በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ሕግ ጥሶ አያውቅም፤ ሚስቱን ኦፓልን ለዚህ መከራ የዳረጋትም ይኸው ደግነቱ ነው።

ከዓመታት በፊት የሚንሸራተተው ሰደፍ ሲታገድ፣ ያለው ሰው ሁሉ ወይ ይቁረጠው ወይ ያስረክብ ተባለ። ሰደፉ ከጠመንጃ ኋላ የሚገጠም ነው፤ ጣት ቃታው ላይ እንዳረፈ ጠመንጃው ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ጥይቱን እንደ መትረየስ ያንጣጣዋል። ከጎረቤቶቻቸው ገሚሱ በመጋዝ ቆራርጦ ጣለው፤ ገሚሱም ጣራ ሥር ሸሽጎ ዝም አለ። ዌንደል ግን የገዛ ንብረቱን ለመቁረጥ አንጀቱ እምቢ አለው፤ መደበቁንም ነውር አለው። «አንድ ቀን ፍርድ ቤት ይመልስልኛል» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ አስረከበ። አገሩ ሳቀበት። ኦፓልም ስቃ ነበር።

ፍርድ ቤቱ እውነትም መለሰለት። ለእያንዳንዱ ጥይት ቃታው ተመልሶ ስለሚሳብ መትረየስ አይደለም ተባለ። ዌንደል ግን ያኔ አፈር ለብሷል። ጠመንጃዎቹን ከነዕቃቸው የተናዘዘው ለልጁ ለኮልቢ ነበርና፣ «ናና ውሰድ» የሚለው ስልክ የተደወለው ለኮልቢ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ኮልቢ፣ ሚስቱ ታሻ ልጃቸውን ሬሚን ይዛ ወደ ሌላ ሰው ከሄደች ወዲህ፣ እናቱ ቤት ተመልሶ ቢራውን እንደያዘ ግድግዳ ላይ ሲያፈጥ ይውላል። አንድ ቀን ለብቻው፣ «ቆይ፣ እሷም ሰውዬዋም ያገኟታል» ሲል ኦፓል ሰምታዋለች። ምን ማለትህ ነው ብላ ለመጠየቅ ፈራች።

በማግስቱ ሸሪፉ ቢሮ ሄደች። ተረኛው ፖሊስ ላይል ነበር፤ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ ያስተማረችው።

«ላይል፣ በእናትህ፣ ሰደፉን ለኮልቢ እንዳይሰጡት አድርግ።»

«እማማ ኦፓል፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ንብረቱ ነው።»

«ልጄ ደህና አይደለም ስልህ!»

«እገላለሁ ብሏል? ስም ጠርቶ?»

«ያገኟታል ብሏል።»

«እሱንማ እኔም ስለ አማቴ በየቀኑ እላለሁ።» ሊያስቃት ነበር። እንዳልሳቀች ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። «በዚህ ብቻ መሣሪያ የምንነጥቅበት ሕግ እዚህ የለንም። አንድ ነገር ካደረገ ወዲያው ይደውሉልኝ።»

«ካደረገ በኋላ?»

ላይል የስልክ ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ አቀበላት።

ኮልቢ ሰደፉን ባመጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎተራው ጀርባ አሮጌ በርሜል አቁሞ ተኮሰ። ድምፁ ሲያባራ እየሳቀ ገብቶ ግንባሯን ሳማት።

«እማ፣ አባዬ ይህን ቢሰማ! ሁሉም ሲያሾፉበት እሱ ብቻ ልክ ነበር።»

ሬሚ ከሄደች ወዲህ ይህን ሳቅ አይታው አታውቅም። እናት ናትና ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም ደነገጠች።

«ስጠኝና ልቁረጠው፣ ልጄ። ስለ እኔ ብለህ።»

«ምን ነካሽ? ሕጋዊ እኮ ነው!» ሳቁ ጠፋ። ጥይት ያለበትን ሣጥን አንስቶ ወደ በሩ ዞረ። «ይልቅ ለሐሙሱ የምስጋና በዓል ሬሚን ታሻ ራሷ ታምጣት በያት።»

ኦፓል ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና ለታሻ ደወለች።

«ልጄ፣ ለበዓሉ እንዳትመጡ።»

«ምነው እማማ? ሬሚ እኮ ሻንጣዋን ካሁኑ ሸክፋለች። ደግሞ በዓሉን ከአባቷ ጋር ታሳልፍ ብሎ ዳኛው ወስኗል፤ ካላመጣኋት የምከሰሰው እኔ ነኝ። ለዳኛው የምነግረው ነገር ስጪኝ። ምን አደረገ?»

ከጎተራው ጀርባ ተኩሱ እንደገና ተንጣጣ። ኦፓል ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች፤ እስኪያባራ ጠበቀች።

«ምንም» አለች። «ገና ምንም አላደረገም።»



«እንግዲያው ሐሙስ እንመጣለን» አለች ታሻ።