የበሩ መስታወት

ስልኩ ሲጮህ የመቁረጫው ጫፍ መስታወቱ ላይ ነበር። መስታወት ቆራጩ እጁን አላነሳም። የተጀመረ መስመር አይቋረጥም፤ መሀል ላይ እጅ ከተነሳ መስታወቱ ራሱ በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል።

ስልኩ ዝም አለና እንደገና ጮኸ።

"ሚስትህ ናት" አለች ታላቅ እህቱ ከባንኮኒው ኋላ። ሱቁ የጋራቸው ነው፤ እሷ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ እሱ ይቆርጣል። "ይሄ አምስተኛዋ ነው። ጠዋት እዚህ ድረስ ሸኝታህ፣ አንገትህ ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ ብላ አልነበር እንዴ?"

"ነበር።"

"ታዲያ እስከ ምሳ ምን ነካት?"

ጠዋት "ካንተ ሌላ ማን አለኝ" ያለችው ሚስቱ ረፋዱ ላይ "ድሮም አትወደኝም" ብላ ጽፋለታለች። በመሀል የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትደውል ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ስለነበር "እሺ፣ እሺ" ብሎ ዘግቶባታል።

እስከ ትናንት ድረስ በደወለች ቁጥር ሥራውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ሲታክተው ደግሞ ስልኩን ያጠፋል። የሚስቱ ሐኪም ሁለቱንም አስቀምጣ ስሜቷን ስለሚገለባብጠው ሕመሟ ካስረዳቻቸው በኋላ፣ "መሮጥህም መጥፋትህም አላሳረፋትም። የምትመጣበትን ሰዓት ንገራት፤ በዚያችው ሰዓት ተገኝ" ብላዋለች። ምክሯን ሲሞክር የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

መስመሩን ጨረሰ። ጠርዙ ላይ ጫን ሲያደርገው መስታወቱ ቀጥ ብሎ ተከፈለ። ከዚያ ደወለላት።

"ልብስህን ደጅ አውጥቼልሃለሁ" አለች። "እንዳትመጣ።"

"እየቆረጥኩ ነበር። አስር ሰዓት ላይ እመጣለሁ።"

"እህትህ ተዋት አለችህ አይደል?"

"ብላለች። እኔ አስር ሰዓት ላይ እመጣለሁ።"

ዘጋችው።

እህቱ ራሷን ነቀነቀች። "እሳት ላይ ተጥዶ ሞቀኝ የማይል ሰው አየሁ። ያንን የቤታችሁን በር መስታወት ደግሞ እንዳትገጥም። ሁለቴ ሰብራዋለች፣ በቦታው የለጠፍከው ካርቶን ይበቃታል።"

"ካርቶን ቤቱን ያጨልማል፣ እታለም።"

"ጨለማ እጅ አይቆርጥም።"

አስር ሰዓት ሲሆን ቤቱ በር ላይ ነበር። ልብሱ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ትራሱን እንኳ አልረሳችም። አንኳኳ።

"ሂድ" አለች ከውስጥ።

"መጥቻለሁ።"

ኮቴዋ ወደ በሩ ቀረበ። "ስንት ሰዓት ነው?"

"አስር።"

"ትዋሻለህ፣ አልፏል።"

የካርቶኑ ጥግ ገለጥ አለና አንድ የቀላ ዓይን ታየ። የእጅ ሰዓቱን አስጠጋላት። ብዙ አየችው። ቁልፉ ግን አልዞረም።

ከረጢቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ማንሳት ቀላል ነበር፤ እህቱ ቤት አንድ አልጋ አለ። እጁ ከረጢቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ጎን ገፋ አድርጎት ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልለካ።"

"ካርቶን?"

"መስታወት።"

"ብሰብረውስ?"

የሜትሩን ጫፍ በተገለጠው ጥግ አሾለከላት።

"ቀጥ አድርገሽ ያዢልኝ" አላት።