ግራ እጅ የሚጠይቅ ማረሻ

ጌታሰው ግራ እጁን ከኅዳር ወዲህ ከጋቢው ሥር አውጥቶ ለሰው አሳይቶ አያውቅም። አንድ ማለዳ ሲነቃ ደንዝዞ አገኘው። ተኝቼበት ይሆናል ብሎ አሸው፣ በሙቅ ውኃ ነከረው፣ ጸበል አስነካው። ጣቶቹ ይታጠፋሉ እንጂ አይጨብጡም። ለሚስቱ ለሥራነሽ እንኳ ትንፍሽ አላለም። እንጀራ በቀኝ እጅ ነው የሚቆረሰው፣ ሰላምታም በቀኝ ነው፤ ሰው በአንድ እጁ ብዙ ሰው ማታለል ይችላል።

ጓሮ ግን አይታለልም። ባልና ሚስቱን ድንችም ነጭ ሽንኩርትም የምታበላቸው ይጁቤ ከተማ ዳር ያለችው ጓሯቸው ናት። ጌሾው ዙሪያዋን ስለያዘው በሬ ገብቶ አይዞርባትም፤ ዕድሜውን ሙሉ በዶማ ነው የቆፈራት። ዘንድሮ ዶማው ከእጁ እያመለጠ አረሙ ጉልበት ደርሷል። አጥር የሚጋራው አንሙት ደግሞ አጥሩ በተቀደደበት በኩል አንገቱን ማስገባት አይሰለቸውም።

«አያ ጌታሰው፣ ጓሮውን በእኩል ይስጡኝ፤ እኔ አርሼ ምርቱን እንካፈልና እርስዎ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ እንጂ!»

«አንተ መጀመሪያ አጥርህን አቁም» ይለዋል ጌታሰው። ጓሮውን በእኩል የሰጠ ሽማግሌ መልሶ ሲያርሳት አላየም።

ደብረ ማርቆስ የጓሮ ማረሻ ሞተር መጣ ሲባል ሰምቶ የተነሣው ለዚህ ነው። ሥራነሽ «እኔ ሳላየው አይገዛም» ብላ ተከተለችው። አንሙትም ማንም ሳይጠራው ተከተለ።

ሻጩ ደመላሽ ከሱቁ ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ሁለት ሞተር አቁሞ ጠበቃቸው።

«ይቺ ቀላሏ ናት አባባ። ጥርሷ ከፊት ነው፤ መሬቱን እየቧጠጠ እሱ ራሱ ይጎትታታል። ያቺ ከባዷ በጎማዋ ትሄዳለች፣ ጥርሷ ከኋላ እየፈጨ ይከተላል።»

ጌታሰው ቀላሏን መረጠ። ግራ እጁን እጀታው ላይ ጣል አደረገ፣ በቀኙ ያዘ። ሞተሩ እንደተነሣ ጥርሱ ድንጋይ ነካና ዘለለ። ጌታሰውም በሬ ሲደነብርበት ሲያደርግ የኖረውን አደረገ፤ እርፍ የያዘ ይመስል ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠ።

«ቁም ቦራ! ቁም!»

ቦራ የሚባለው በሬው ከሞተ ቆይቷል። ቀኝ እጁ ያነቀውም የነዳጅ መስጫውን ነበር። ሞተሩ እያጓራ እሱን አንጠልጥሎ አጥር ውስጥ ገባ፤ ደመላሽ ሮጦ ባያጠፋው ኖሮ ጎረቤት ግቢ ይዘልቁ ነበር።

«ቦራ ተመልሶ መጣ እኮ!» አለ አንሙት ሆዱን ይዞ። «ቀንዱን ብቻ ነው የረሳው።»

ሥራነሽ አልሳቀችም።

ከባዷ ተነሣች። «ይችን የግራዋን መያዣ ጨብጠው እስካሉ ትሄዳለች» አለ ደመላሽ። «ከለቀቁ ቀጥ ትላለች። አትጎትትዎትም።»

ከባዷ ጥቂት ሄዳ ቀጥ አለች። አስነሡ፤ ደግማ ቆመች። ደመላሽ ጎንበስ ብሎ የሞተሯን ካንዴላ ፈታ፣ ጠረገ፣ መለሰ። «ትናንት ደህና ነበረች» እያለ ቀና ሲል ዓይኑ የጌታሰው ግራ እጅ ላይ ዐረፈ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መያዣውን በሽቦ ላስርልዎት? እኔ አልወደውም፤ ግን የሚያሳስሩ አሉ።»

ጌታሰው ልቡ በራ። በሽቦ ከታሰረ ማንም አይጠይቅ፣ ማንም አያውቅ፣ አንሙትም አጥሩ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል።

«እሰርልኝ።»

«ታስሮስ ማን ሊያቆመው ነው?» አለች ሥራነሽ።

«አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ሞተር አላውቅም። ጥምቀት ለት ከሸሚዝህ ቁልፍ ጋር ስትታገል አይቼሃለሁ። ራስህ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በግራው በኩል ቆመች፤ እጇንም መያዣው ላይ ባለው ግራ እጁ ላይ ደረበች።

«እቴቴ ሥራነሽ!» አለ አንሙት ደንግጦ። «ሴት እርፍ ስትይዝ ይጁቤ ምን ይላል?»

«እርፍ የታለና? ደግሞ ይጁቤ ድንቼን ሲበላ ምንም አላለኝ።»

ጌታሰው ፊቱ እንደጋለ ቆመ። ሽቦው ደመላሽ እጅ ላይ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ይታሰርለታል፤ ማንም ሳይደርብበት ብቻውን ያርሳል። አጥሩን አየ፤ የገባበት ቀዳዳ አሁንም አፉን ከፍቷል።

«ሽቦህን መልስ» አለ በመጨረሻ። «ከባዷን ነው የምገዛው።»

«ሞተሯ መኪና ላይ ሳትጫን ግን ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች ሥራነሽ፤ እሱም አልተከራከረም።

ሞተሩ ተነሣ። በዝግታ እየሄደ አፈሩን ከኋላው አድቅቆ ይተወው ጀመር። ጌታሰው ግን አፈሩን አላየም። የሚስቱ እጅ በእጁ ላይ መኖሩን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ነበር። እየጨመቀችው ይሁን እየደባበሰችው፣ ትሙቅ ትቅዘቅዝ፣ ምንም አልተሰማውም። አንገቱን ደፍቶ እጇን እያየ ሄደ።