ሳይፈታ የተሞላ መስቀለኛ ቃል

ደባርቅ ውስጥ ጋዜጣን እንደ እንግዳ በር በሩን እያየ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር መሪጌታ አለነ ናቸው። ለዜናው እንዳይመስላችሁ! ዜናውንማ ሚኒባሱ ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ እስኪደርስ ተሳፋሪው ተቀባብሎ ያነበዋል፤ ሹፌሩ ያርጋልም ጋዜጣውን ሲያቀብል በቃሉ ይወጣላቸዋል። እሳቸው የሚፈልጉት የኋላውን ገጽ ነው፤ መስቀለኛ ቃሉን።

መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ከአምቢኮም ከአምባራስም የሚመጣ ተማሪ ደጃቸው ይሰበሰባል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ፍንጩን የምታነብላቸውም፣ መልሱን የምትጽፍላቸውም ሚስታቸው ባንቻየሁ ናት። መስቀለኛ ቃሉን የሚያዘጋጀው ሰው ደግሞ ስሙን እንኳ የማይጽፍ፣ ነገረኛ ሰው ነው። «ከሞተ ወዲያ የሚጮኽ በሬ» ይላል። ባንቻየሁ ስትብሰለሰል መሪጌታ ይስቃሉ፦ «ነጋሪት ነዋ! ከቆዳው አይደል የሚሠራ?» ሌላ ጊዜ «እግር ሳይኖራት ውሃ የምትረግጥ» ቢል፣ «መርከብ!» ብላ ዘላ ነበር። መርከብ አራት ቤት ይፈልጋል፤ የተሰጠው ሦስት ነው። «ግእዙን ያዢ እንጂ፤ ሐመር በይው» አሏት። እሷም ገጠመላትና እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አሠራራቸው ግን የቅኔ ቤት አሠራር ነበር። ቅኔ በልብ ተቆጥሮ ሳያልቅ አይነገርም፤ መስቀለኛውም በልባቸው ሞልቶ ሳያልቅ አንድ ፊደል አያስጽፉም። ፍንጩን ሁሉ አስነብበው፣ የቤቱን ቁጥር አስቆጥረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጓሮው ካብ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲጨርሱ «ባንቺ፣ ብዕር!» ይላሉ። ከዚያ በኋላማ የሚያቆማቸው የለም፤ ከላይ እስከ ታች ያወርዱታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ሲሰበሰቡ እሷ ታነባለች፣ እሳቸው እያንዳንዱን ቃል ከነሥሩ ይተነትናሉ። ባንቻየሁ በዚያች ሰዓት የምትኮራውን ኩራት ለሰው አትናገረውም።

ባለፈው ፋሲካ ላይ ግን ከደብሩ ሽማግሌዎች አንዱ «የኔታ አልደከሙም?» ብሎ ነበር። ቢቆረቁራቸው ጊዜ በተማሪዎቻቸው ፊት ተናገሩ፦ «ይችን መስቀለኛ ቃል መሙላት ያቃተኝ ሳምንት ወንበሩን ለሕሩይ እለቃለሁ። በዛገ ልብ የሰው ልጅ አላበላሽም።» ሕሩይ አስነጋሪያቸው ነው፤ በማስተማሩ የሚያግዛቸው፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ የበሰለ፣ ጨዋ ዲያቆን። የተናገሩትን እንደማይውጡ ሁሉም ያውቃል። ባንቻየሁ ደግሞ ሌላም ታውቃለች፤ ባሏ ዓይናቸው ሲጠፋ ችለውታል፣ ወንበሩን ካጡ ግን አይችሉትም።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን የመጣው ጋዜጣ አልፈታ አለ።

ጧት አስነበቧት፣ ማታ አስነበቧት። በነጋታውም እንዲሁ። ካቡ ሥር ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ከአባቱ ቀድሞ ከቤት የሚወጣ… ጢስ ነበር። እሳት አባቱ ነው፣ ጢሱ ቀድሞት ይወጣል። ቤቱ ግን አምስት! ምን ቃል ጠፋኝ?» ይላሉ። ሌላውም እንደዚያው ነው፤ ቃሉ ሲገኝ ቤቱ ይሰፋል፣ ቤቱ ሲጠብ ቃሉ ይረዝማል።

«ኧረ ይኸ ሰውዬስ አበዛው!» አለች ባንቻየሁ ተናዳ።

«ተይ! መምህር አይታማም። ካልገጠመልኝ የጎደልሁት እኔ ነኝ።» ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሌላ ምን ይላል? እዚያ፣ ቅኔው ቤት ካልመታ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የተማሪው ነው።

እሷ ደግሞ ስጋት ገብቷት ከርሟል። አንድ ቀን ጋቢውን ለብሰውት «ጋቢዬን የት አደረግሽው?» ብለዋታል። አንድ ቀን ሕሩይን በሞተ ወንድማቸው ስም ጠርተውታል። ያን ጊዜ ሥቃ ያለፈችው ሁሉ አሁን ተሰብስቦ አስፈራት። አርብ ደረሰ፤ ሠንጠረዡ ባዶ ነው። ነገ ተማሪው ይመጣል፣ እሳቸውም ቃላቸውን ይጠብቃሉ። ምን ታድርግ? ለማን ትንገር? ለሕሩይ እንዳትነግር ለወንበሩ የታጨው እሱ፤ ለሽማግሌዎቹ እንዳትነግር አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁት እነሱ። ጨነቃት።

ብዕሩን አነሣችና ራሷ ሞላችው። ጢስ ያሉትን «ጢሳምጢስ» አድርጋ አምስት ቤት አስረዘመችው። ከውዳሴ ማርያም የምታስታውሰውን ግእዝ እየቆረጠች፣ ሲጎድላት ጅራት እየቀጠለች፣ ሁሉንም ሞላች። እኔው ነኝ የማነበው፣ ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ ብላ ነው። ከዚያ ካቡ ሥር ሄደች።

«መሪጌታ፣ መቼም ደስ ይበልዎ፤ ሁሉንም ጽፌዋለሁ።»

«ምኑን?»

«መስቀለኛውን ነዋ። ትናንት ከሰዓት ፀሐይ እየሞቁ ነገሩኝ እኮ።»

ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ። «ነግሬሻለሁ?»

«አዎን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ቀጥሎ ፊታቸው ፈካ። «ጨረስሁት በይኛ! አይ እርጅና፣ መጨረሴን እንኳ አስረሳኝ!» ብለው ሣቁ፤ ሰሞኑን የሸሹትን ምግብ ያን ቀን አስደግመው በሉ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ እሷም እንዲቀላት ተስፋ አድርጋ ዋለች።

ቅዳሜ ረፋድ ተማሪዎቹ ገቡ። ባንቻየሁ መቀመጫ ልታቀርብ ዞር ስትል ሕሩይ፣ የረዳት መስሎት፣ ጋዜጣውን ከመደቡ ላይ አነሣው። «እናታችን ዛሬ ይረፉ፣ እኔ ላንብብ» አለ። ተወው ልትል አፏን ከፈተች፤ ምን ምክንያት ትስጥ?

«አግድም አንድ። ከአባቱ ቀድሞ ከቤት የሚወጣ። መልስ፣ ጢሳም…» ሕሩይ ቆመ።

«አንብበው» አሉ መሪጌታ።

«ጢሳምጢስ፣ የኔታ።»

ከኋላ አንድ ተማሪ ሣቁ አመለጠው፤ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

«ቀጥል።»

ሕሩይ ቀጠለ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ እያለ። ግማሹ ግእዝ የሚመስል፣ ግማሹ ምንም የማይመስል ቃል አንድ በአንድ ወጣ። የሚሥቅም አልነበረም። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ይኸን እኔ ነኝ ያልሁት?» ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ።

በዚህች ሰዓት ነበር መናገር! ባንቻየሁ ግን አልተናገረችም። በተማሪ ፊት «አዝኜላቸው እኔ ነኝ የሞላሁት» ብትል እሱም ሌላ ውርደት ሆነባት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቅቤውም ቢኖር እጇ አልታዘዝ አላት።

ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰዱት። መቋሚያቸውን ዳብሰው አነሡና ወደ ሕሩይ ዘረጉት። «ከዛሬ ጀምሮ ወንበሩ ያንተ ነው። ቃሌ ቃል ነው።»

«የኔታ ይቅርብኝ! ስለ እመብርሃን!» ሕሩይ እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። አልሰሙትም።

ተማሪዎቹ እንደ ወጡ ባንቻየሁ ጉልበታቸውን ይዛ ሁሉን ዘረገፈችው፤ እንዴት እንደ ጻፈች፣ ለምን እንደ ዋሸች። በትዕግሥት ሰሟት።

«ባንቺ፣ ከተጋባን ወዲህ ዋሽተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ከዚህ በቀር አላውቅም!»

«እንግዲያስ ዛሬም ለኔ ብለሽ አትዋሺ» አሉና ራሷን ዳበሱት። ብትምል፣ ብትገዘት አልተቀበሏትም። እንዴት ያለ ነገር ነው! ውሸቷን በአንድ ቃል ያመኗት ሰው እውነቷን በመሐላም አላምን አሉ። ሕሩይም መጥቶ ቢለምን «ሚስቴ ናት፣ ታዝንልኛለች፤ አንተ አስተምር» ብለው መለሱት።

የሚቀጥለው ጋዜጣ መንገድ ተዘግቶ ዘገየ። ሲመጣ ያርጋል ራሱ በመስኮቱ አቀበላት፤ እሷም እዚያው መናኸሪያው በር ላይ ቆማ የኋላውን ገጽ ገለጠች። ከሠንጠረዡ በላይ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው እትም ከመስቀለኛ ቃሉ ፍንጮች ጋር የሌላ ሳምንት ሠንጠረዥ በስሕተት ስለ ወጣ መልሶቹ ሊገጥሙ አይችሉም። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ወይ ጉድ! ነጠላዋ ከትከሻዋ ወልቆ፣ ገበያተኛውን እየገፋች ሮጠች። ካቡ ሥር ደርሳ ትንፋሿ ሳይመለስ አነበበችላቸው፤ ደገመችላቸው።

«ሰሙ? አይገጥምም ያሉት እውነት ነበር! ልብዎ ደኅና ነው፣ መሪጌታ! የተሳሳቱት እነሱ ናቸው!»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። «ማንም ሊሞላው አይችልም ነበር?»

«ማንም!»

«እኔ ግን ሞላሁት» አሉ። «የማይሞላውን ሞልቼ፣ ጢሳምጢስ ብዬ አስጽፌ፣ ማስጻፌንም ረስቼ። አቃተኝ ብዬ ብቀመጥስ ምን ነበረበት? ጤነኛ ሰው እንዲያ ነበር የሚያደርግ። ይኸማ ከፈራሁትም ባሰ፣ ባንቺ።»

«እኔ ነኝ የሞላሁት! እኔ!» ደረቷን ደቃች፣ ጮኸች፣ መሬት ተቀመጠች። እሳቸው እንባዋን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉላት እንጂ አላመኗትም።

ሌላ ነገር ቢጠፋት አዲሱን መስቀለኛ ቃል ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብ ጀመር፤ ምናልባት ብላ ነው። «አግድም አንድ። ሲወስዱበት እንጂ ሲሰጡት የማያድግ። አራት ቤት።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ጉድጓድ» አሉ በለሆሳስ።

ቆጠረችው፤ አራት ነው። ልክ ነው፤ ሲቆፍሩት ይሰፋል፣ ሲሞሉት ይጠፋል። እንደ ልማዳቸው ሁሉም እስኪያልቅ ልትጠብቅ አልቻለችም፤ ልቧ ደስታ ብቻ ሆኖ ብዕሩን አነሣች። መሪጌታ የብዕሩን ድምፅ ሲሰሙ እጇን ፈልገው ያዙት።

«አትጻፊው» አሉ። «አስቀድመሽ ሕሩይን ጠይቂልኝ።»